ለሐኪም ያልነገርኩት

ግራ ባቴን ያመመኝ አውቶቡሳችን አዳማን ካለፈ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሊግ ጨዋታ አሸንፈን እየተመለስን ነበር። ረጅም ስለሆንኩ አውቶቡስ ውስጥ የትም ብቀመጥ ጉልበቴ ከፊት ወንበር ጋር ይጣላል። የዚያን ቀን ደግሞ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሁለት የኳስ ከረጢቶች መሃል ተቀርቅሬ፣ ከጠዋት ጀምሮ እግሬን ሳልዘረጋ ነው የመጣሁት። ውኃም አልጠጣሁም። ሾፌሩን «ለሽንት አቁምልኝ» ማለት ለአዲስ ተጫዋች ያሳፍራል። ባቴ ውስጥ የሆነ ነገር የተቋጠረ መሰለኝ። «ጡንቻ ነው» አልኩና አንገቴን ደፍቼ ተኛሁ።

ስሜ ረድኤት ነው፤ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ቀራንዮ ሲሆን ቅርጫት ኳስ የጀመርኩት በትምህርት ቤታችን ሜዳ፣ መረብ በሌለው ቀለበት ነው። ደሞዝ የሚከፍል ክለብ ውስጥ አራት ዓመት ተጫውቻለሁ። ባለፈው ዓመት ከዚያ የተሻለ ክለብ ጠራኝና ለአንድ ዓመት ፈረምኩ። በድሮው ክለቤ ቋሚ ተሰላፊ ነበርኩ። አዲሱ ጋ ግን የማን ልጅ ነሽ የሚለኝ አልነበረም። ኳስ የማከፋፍልበትን ቦታ እኔን ጨምሮ ሦስት ሰው ይፈልገዋል። ስለዚህ አሞኛል ማለት፣ ደከመኝ ማለት፣ ዛሬ ይቅርብኝ ማለት አይታሰብም ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ከመነሻው ልናገረው። የአዲሱ ክለብ ቁምጣ ነጭ ነው። የወር አበባዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ይበዛል፤ በድሮው ክለቤ ጥቁር ስለምንለብስ እንደምንም ያልፍ ነበር። ነጩን ቁምጣ ሲሰጡኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ይህን የነገርኳት የድሮ የቡድን ጓደኛዬ ሳቀችብኝ። «የወሊድ መቆጣጠሪያውን እንክብል ሳታቋርጪ ዋጪ። ጭራሽ አይመጣብሽም። ስንቶቻችን እንደዛ እንደምናደርግ ብታውቂ!» አለችኝ። ፋርማሲ ገብቼ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው ምንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ምንም አልጠየቅኩትም። እንክብሉን ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ደበቅሁት።

የደበቅሁት ከእናቴ ነው። እናቴ ወይዘሮ አስካለ ኮልፌ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። አባታችን ካረፈ ወዲህ እኔንና ታናሽ እህቴን ያሳደገችን በዚያች የስፌት መኪና ነው። የጎጃም ልጅ ናት፤ ቁጥብ ናት፤ ሳታገባ እንዲህ ያለ እንክብል የምትውጥ ልጅ ለእሷ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያላት። «ለጨዋታ ነው» ብላት የምታምነኝ አልመሰለኝም።

ከድሬዳዋ በተመለስን ማግስት ልምምድ ስገባ ግራ ባቴ ከቀኙ ወፍሯል፤ ስነካውም ሞቅ ይላል። የቡድናችን ወጌሻ ጋሽ ለማ ጫን ጫን አደረጉት።

«መሳብ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ካሸሁሽ ትፈናጠሪያለሽ» አሉኝ።

ጋሽ ለማን አልወቅስም። ስንት የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ያቀኑ ሰው ናቸው። ሦስት ቀን በቅባት አሹኝ። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ። እውነትም በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ትንሽ የቀነሰ መሰለኝ። እንዲያ ያበጠ እግር መታሸት እንደሌለበት ያወቅሁት በኋላ ነው።

በአምስተኛው ቀን ሜዳውን እየዞርን ስንሮጥ ቀኝ ጎኔን ከጎድን አጥንቴ ሥር ወጋኝ። አየር ወደ ውስጥ ስስብ እንደ መርፌ ወግቶ ይመልሰኛል። ቆም አልኩ። አሰልጣኛችን አቶ ዮሴፍ ከዳር ሆነው አዩኝ።

«ረድኤት፣ ድሮ ክለብሽ እንደዚህ ነበር የምትሮጡት?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ሩጫዬን ቀጠልኩ። አሁን ሳስበው ከዚያ ሁሉ ቀን የሚያስደነግጠኝ ያ ሩጫ ነው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን አይቶ «ታይፎይድ ነው» አለኝ። መድኃኒቱን ጀመርኩ፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛው ክሊኒክ ደረቴን በራጅ አይቶ «የሳንባ ምች ይመስላል» ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። በየቀኑ እየሄድኩ አምስት ቀን ተወጋሁ። ጠዋት ተራ ይዤ አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የማላውቃቸው አዛውንት ተራቸው ደርሶ ሲጠሩ ተነሱና «እሷ ትግባ፤ እኔ ያለሁት ለስኳሬ ነው፣ የትም አይሄድብኝ» አሉ። አመሰግናለሁ ለማለት እንኳ ሁለት ጊዜ መተንፈስ ነበረብኝ።

በሁለቱም ክሊኒክ «የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት አለ?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ። በሁለቱም ጊዜ እናቴ አጠገቤ ነበረች። በሁለቱም ጊዜ «የለም» አልኩ። ስለ እግሬም አልተናገርኩም። ደብቄ ሳይሆን፣ እግሬ የጋሽ ለማ ጉዳይ፣ ደረቴ የሐኪም ጉዳይ መስሎኝ ነው። ሁለቱ አንድ ሰውነት ላይ እንዳሉ አላሰብኩም።

መርፌው ባለቀ ማግስት ከሰዓት በኋላ ቤት ብቻዬን ነበርኩ። እናቴ ሱቅ፣ እህቴ ትምህርት ቤት። መጸዳጃው ግቢያችን ጫፍ ላይ ነው፤ ከበራችን ጥቂት እርምጃ ቢሆን ነው። መሃል ላይ ቆሜ የልብስ ማስጫውን እንጨት ይዤ አረፍኩ። ስመለስም እዚያው አረፍኩ። ልቤ አርባ ደቂቃ የተጫወትኩ ያህል ይመታል። ቤት ገብቼ ሳስል መሃረቤ ላይ ቀጭን የደም ክር አየሁ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ አልጋዬ ላይ አርፋለች፤ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቷል፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ልሞት እንደምችል ገባኝ። ያን ያህል አላለቀስኩም። ለማልቀስም ትንፋሽ ይጠይቃል።

እናቴ ማታ ስትመጣ መሃረቡን አሳየኋት። ነጠላዋን ሳታወርድ ቆማ አየችው።

«ነገ ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ እንሄዳለን። ለልጆቿ ዩኒፎርም የሰፋሁላት ሴት ስለ አንዲት ሐኪም ነግራኛለች፤ ትሰማለች ብላኛለች» አለች።

«ገና መርፌውን መጨረሴ ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ትሰማለች አልኩሽ።»

በማለዳ ኮንትራት ታክሲ ይዘን ሄድን። ዶክተር ሰላማዊት ወጣት ናት፤ ከእኔ ብዙ የምትበልጥ አትመስልም። እውነትም ትሰማለች። ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ አላቋረጠችኝም። «ከድሬዳዋ ስንመለስ እግሬን አሞኝ ነበር፣ እሱ ግን ተሻለኝ» ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የትኛው እግር? ሱሪሽን ሰብስቢልኝ።»

ሁለቱን እግሮቼን ጎን ለጎን አየቻቸው። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ሜትር ፈለገች፤ አጣች። ሁለተኛውንም መሳቢያ ከፈተች። እናቴ ቦርሳዋን ከፈተችና የልብስ መለኪያ ሜትሯን አወጣች።

«ይሄ ይሆናል?»

«እርስዎ ይለኩልኝ፣ እናቴ። ከጉልበቷ እኩል ዝቅ ብለው፣ ሁለቱንም።»

እናቴ በሕይወቷ የስንት ልጅ ወገብና ትከሻ ለክታለች፤ ተንበርክካ ሜትሩን ባቴ ላይ ጠመጠመችው። «ቀኙ ሠላሳ ስድስት» አለች። ግራውን ለካች፤ እንደገና ለካች። «ግራው ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል።»

ዶክተሯ ጣቴ ላይ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ አድርጋ ቁጥሩን አየች። ከዚያ እናቴን የካርድ ክፍል ሄዳ አንድ ወረቀት እንድታመጣላት ጠየቀቻት። በሩ ሲዘጋ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ወረቀቱ አያስፈልገኝም። አሁን ብቻችንን ነን። የምትውጪው ነገር አለ? ምንም ይሁን፣ ማንም ይስጥሽ።»

«የለም» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መሃረቡ ትዝ አለኝ።

«እንክብል አለ» አልኳት። «የወሊድ መቆጣጠሪያ። ግን… ለጨዋታ ነው። እንዳይመጣብኝ።»

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«አዲሱ ክለብ ከገባሁ። ሦስት ወር አይሞላም።»

«እንኳን ነገርሽኝ» አለች። አልተቆጣችኝም፤ ፊቷም አልተለወጠም። ከዚያ እየጻፈች አስረዳችኝ። አንዳንዱ እንክብል አንዳንድ ሰው ላይ ደምን ቶሎ የሚረጋ ያደርገዋል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። እሱ ላይ ቀኑን ሙሉ እግርን አጥፎ፣ ውኃ ሳይጠጡ መቀመጥ ሲጨመርበት ባት ውስጥ ባለው ደም መልስ የደም ሥር ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ላይ ይሄድና ሳንባ ውስጥ ይሰነቀራል። «ብዙ ሴቶች ይህን እንክብል በሰላም ይወስዱታል። አንቺ ግን ሐኪም ሳያይሽ መጀመር አልነበረብሽም። አሁን በእግርሽ ከዚህ ክፍል አትወጪም» አለችኝ። በተሽከርካሪ ወንበር አስወጥታ፣ ወደ ሆስፒታል ራሷ ደውላ፣ አምቡላንስ ላይ አሳፈረችኝ።

ሆስፒታል እግሬን በአልትራሳውንድ፣ ደረቴን በሲቲ ስካን አዩት። እንዳለችው ነበር። የረጋው ደም በሁለቱም ሳንባዎቼ ውስጥ ነበር፤ በቀኙ ብሶ። ኦክስጅን አደረጉልኝ፤ ደም የሚያቀጥን መርፌ ሆዴ ላይ ጀመሩልኝ። ለምርመራው የወጣውን እናቴ ከዕቁቧ ሸፍናዋለች፤ ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። የክፍሉ ሐኪም እንደተናገሩት፣ ጥቂት ቀን ብንዘገይ ኖሮ ነገሩ በመርፌ ላይመለስ ይችል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስናገር ትንፋሼ አይቆራረጥም ነበር። እናቴ ብርቱካን እየላጠችልኝ ጠየቀችኝ።

«ይሄ ደም መርጋት ከምን መጣ ይላሉ?»

«ከአውቶቡሱ» ልላት እችል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግን ከዚህ በኋላ ወረቀቴ ላይ ይጻፋል፤ ደግሞም መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ነጩን ቁምጣ፣ ፋርማሲውን፣ ካልሲውን፣ በሁለቱ ክሊኒክ እሷ አጠገቤ እያለች «የለም» ያልኩትን።

ብርቱካኑን አስቀመጠች።

«እኔን ፈርተሽ ነው ልትሞቺብኝ የነበረው?»

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትገልጠው ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔም አልተናገርኩም» አለች። «ያቺ ሐኪም ገና ስንገባ ‹በቤተሰብ እንዲህ የታመመ አለ ወይ› ስትለኝ የለም አልኳት።»

የስንዱን ነገር ያን ቀን ሰማሁ። ስንዱ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሳልወለድ እንደሞተች አውቃለሁ፤ ምች መትቷት ነው ሲባል ነው ያደግነው። እናቴ ግን አጠገቧ ነበረች። ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ከተገላገለች በሁለተኛው ሳምንት አንድ እግሯ አበጠ። አሹላት። ከዚያ «ጎኔን ወጋኝ» አለች፤ ትንፋሽ አጠራት። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ እናቴ እጅ ላይ ወደቀች።

«የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ውኃ ልሰጣት ቀና ያደረግኋት እኔ ነኝ። ቀና ስላደረግኋት የሞተች ይመስለኝ ነበር። ለዚህ ነው ስሟን የማላነሳው» አለችኝ።

እጇን ያዝኩት። በብርቱካኑ ጭማቂ ይጣበቅ ነበር። የክፍሉ ሐኪም ሲዞሩ እናቴ ቆማ እንደገና ሁሉንም ነገረቻቸው። ሐኪሙ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«እርስዎ ቀና ስላደረጉ አልሞተችም፣ እናቴ። እርግጠኛ ሆኜ መናገር ባልችልም ያው በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ በእጅዎ የሚድን አልነበረም» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ በዘር የሚሄድ ሊሆን ይችላል። እህትሽም ማወቅ አለባት። አንቺም ስታረግዢ፣ ቀዶ ሕክምና ሲኖርሽ፣ ረጅም መንገድ ስትሄጂ አስቀድመሽ ትናገሪያለሽ።»

«ስታረግዢ» ሲሉ እናቴ ተነሳችና ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ስንዱ ያኔ የወለደቻት ሕፃን ትርንጎ ናት፤ ያሳደገቻት አያታችን ናት፤ ትርንጎ አሁን ደብረ ማርቆስ ትኖራለች። ያን ጊዜ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። የእናቴ ድምፅ ከአልጋዬ ይሰማኛል።

«ነገ ሐኪም ቤት ሂጂና የእናትሽን ነገር ንገሪያቸው። አይ፣ ምች አይደለም። ምች ያልንሽ እኛ ነን። … እግሯ አብጦ ነበር። … አዎ፣ እኔ ነበርኩ አጠገቧ። … አታልቅሺ፣ ልጄ፤ ሂጂና ንገሪያቸው ብቻ።»

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ወጣሁ። ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት በእንክብል ለስድስት ወር እንድወስድ ታዘዘልኝ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ቢጋጭ ወይም ቢወድቅ ደሙ ቶሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ኳስ ክልክል ሆነ። የአንድ ዓመት ውሌ ላይ ስድስት ወር ማለት ዓመቱ አለቀ ማለት ነው። የወር አበባዬን ነገር ዶክተር ሰላማዊት ለሴቶች ሐኪም አስተላለፈችኝ፤ ለእኔ የሚስማማ ሌላ መንገድ አለው፤ ብጠይቅ ኖሮ ከመጀመሪያውም ይገኝ ነበር።

በወጣሁ በሳምንቱ አሰልጣኝ ዮሴፍ ቤታችን መጡ። ሙዝ ይዘዋል። በራችን ለእሳቸውም ዝቅ ይላል፤ ጎንበስ ብለው ገቡና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ሻይ አቀረበች። ስለ አየሩ አወሩ፤ ስለ መንገዱ አወሩ። በመጨረሻ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ያን ቀን ያሾፍኩብሽ እኔ ነኝ። ቆመሽ ነበር፤ እንድትሮጪ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«አልነገርኩዎትም እኮ፣ አሰልጣኝ።»

«መጠየቅ ነበረብኝ።»

ከዚያ የክለቡን ነገር ነገሩኝ። ውሌን አያፈርሱም፤ ከፈለግሁ እየመጣሁ ከአሰልጣኞቹ ወንበር ተቀምጬ ጨዋታ እመዘግባለሁ። መጀመሪያ ለማጽናናት የተፈጠረ ሥራ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ሁለት ወር ስቀመጥበት ግን ሜዳ ውስጥ አራት ዓመት ያላየሁትን አየሁ፤ ማን ሲደክም ወደ ግራ እንደሚያዘነብል፣ ተከላካይ ኳሱን ትቶ የአቀባይዋን ዓይን የሚከተልበትን ሰዓት። በደብተር እጽፋለሁ፤ አሰልጣኙም እረፍት ላይ «ምን አየሽ?» ይሉኛል።

አንድ ከሰዓት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ አንዷ ቦርሳዋን ከፍታ እንክብሉን አወጣች፤ ሌላዋም አወጣች። «ጣሉት አላልኩም። ሐኪም ሳያያችሁ አትዋጡት ነው ያልኩት» አልኳቸው። ሁለቱም በዚያው ሳምንት ሄዱ። አንደኛዋ ምንም ችግር የለብሽም ተብላ ቀጠለች፤ ሌላዋ ተቀየረላት። ጋሽ ለማም ሰምተዋል። አሁን ያበጠ ባት ሲመጣባቸው ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያዩ እጃቸውን አያሳርፉም።

ትርንጎ ወለደች። ደብረ ማርቆስ ሐኪሞቹ የእናቷን ታሪክ ሲሰሙ ተከታተሏት፤ ከወሊድ በኋላም ለስድስት ሳምንት ያው ሆድ ላይ የሚወጋውን መርፌ ሰጧት። ልጇ ሴት ናት። ስድስት ሳምንቱ አልፎ እናትም ልጅም ደህና መሆናቸውን ስንሰማ እናቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ ሱቋን ዘግታ፣ መድኃኔዓለም ሄዳ ዋለች። ስትመለስ «እንቅልፌ መጣ» አለችና በቀን ተኛች። እናቴ በቀን ስትተኛ አይቼ አላውቅም።

ስድስት ወሩ ሲሞላ እንደገና ታየሁ። ሳንባዬ ጠርቷል። ዶክተር ሰላማዊት መድኃኒቱን አቆመችልኝ፤ ቀስ ብዬ እንድጀምር፣ በረጅም መንገድ በየሁለት ሰዓቱ ወርጄ እንድራመድ፣ ውኃ እንድጠጣ፣ ባቴ ካበጠ ወይም ጎኔን ከወጋኝ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ነገረችኝ። ይህን የምታነብ እህቴ፣ አንቺም ያዢው፤ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ዝም አይባልም። ሐኪም ሲጠይቅሽም የሚያሳፍርሽ ሰው አጠገብሽ ካለ «ብቻዬን ላናግርዎት» በይ። መብትሽ ነው።

ክለቡ ለአንድ ዓመት እንደገና አስፈረመኝ። በአዲሱ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታችን ሦስተኛው ሩብ ላይ አሰልጣኙ አስገቡኝ። በደንብ አልተጫወትኩም። አንድ ኳስ ለተቃራኒ ቡድን አቀበልኩ፤ ነፃ ሆኜ የወረወርኩት ቀለበቱን እንኳ ሳይነካ አለፈ። ከዚያ ኳስ ነጥቄ ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ሮጥኩና አገባሁ። አሰልጣኙ ሲያስወጡኝ እያለከለክሁ ተቀመጥኩ፤ ልቤ በጆሮዬ ይመታል። ደነገጥኩ። እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ በረጅሙ ሳብኩ። አልወጋኝም። እንደገና ሳብኩ። ሁለቱንም ባቶቼን ነካኋቸው።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ አጠገቤ ያለችው።

«ምንም» አልኳት። «ደክሞኝ ነው።»

እውነቴን ነበር።